ጆሮ ያጣ ጥያቄ

ፈቅዳልኝ ነው ይህን የምጽፈው። ለንደን የምትኖር ሐበሻ ወዳጄ ሰሞኑን እያለቀሰች ደወለችልኝ። የ15 ዓመት ልጇ «እማዬ፣ ሴት ነው መሰለኝ የምወደው፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም» ብላታለች። እናት ደንግጣ «ዝም በይ፣ አባትሽ እንዳይሰማ!» አለቻት። ልጅቷም ዝም አለች። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፤ ከ«ደህና ነኝ» ሌላ ቃል አይወጣትም።

ወዳጄን አልፈርድባትም። ሀገር ቤት ስናድግ ስለ ወር አበባ እንኳ በሹክሹክታ ነበር የሚወራው። እንዲህ ያለ ጥያቄማ ሆድ ይፍጀው ነው። ካመለጠም ወይ ጠበል፣ ወይ ዱላ፣ ወይ ቶሎ መዳር ይከተላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ያስቀጣል። ልብ በሉ፣ የሚያስቀጣው ድርጊቱ ነው። በልቧ የምትጠይቅ ልጅ ምንም አላጠፋችም። ግን ይህን ማን ይነግራታል? ራሷን እንደ ወንጀለኛ እያየች ታድጋለች።

እንግሊዝም ድሮ እንደ ዛሬው ክፍት አልነበረችም። በአውሮፓውያን 1988 የወጣው «ክፍል 28» የተባለው ድንጋጌ የአካባቢ መስተዳድሮች የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን «እንዳያስፋፉ» ይከለክል ነበር። ብዙ መምህራን ፈርተው አፋቸውን ዘጉ። እዚህ እንግሊዝ የተሻረው በ2003 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የቀድሞ የበሽታዎች ዝርዝርም በዝንባሌው እርግጠኛ ባለመሆኑ ለሚጨነቅ ሰው የሕመም መለያ ነበረው። በ2022 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ዝርዝር ግን ያን መለያ ሰርዞታል።

እዚህ የማልወደው ችኮላውን ነው። ልጁ ገና «አላውቅም» ሲል እኩዮቹ ስም ያወጡለታል። በጉርምስና አድናቆት፣ ጥልቅ ጓደኝነትና ፍቅር ይደበላለቃሉ። አንዱ በ13 ዓመቱ ያውቃል፣ ሌላው በ30። ስሜቱ የሚጸናም አለ፣ የሚለወጥም አለ። እኛ በቁጣ፣ እነሱ በስያሜ እናጣድፈዋለን።

ልጅቷ ስሟን ሳትናገር ቻይልድላይን ወደተባለው የእንግሊዝ የልጆች የስልክ ምክር አገልግሎት በነፃ ደውላ ማውራት ትችል ነበር። እሷ ግን እናቷን መረጠች። ለወዳጄም ይህንኑ ነገርኳት። «ተመለሺና ‹የኔ ልጅ፣ ያኔ ደንግጬ ነው፤ አሁን ንገሪኝ› በያት። ከዚያ አታቋርጫት» አልኳት።

«ዛሬ ማታ» አለችኝ። ስልኬን አጠገቤ አድርጌ እየጠበቅኩ ነው።