አብሽር፣ ጨርቂቱ አለች

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ምሳ ልበላ አንድ ቤት ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ብጠራውስ? እናንተም የምትበሉበት ቤት ያው ነው።

ገና ሳልቀመጥ አስተናጋጁ መጣ። ከእሱ ቀድማ ግን ጨርቂቱ ደረሰች። ታውቋታላችሁ። ስትገዛ ቀለሟ ምን እንደነበር ባለቤቱም አያስታውስም። ጠረጴዛው ጥግ ላይ የቀረችውን የወጥ ጠብታ ለጠረጴዛው ሁሉ እኩል አዳረሰችው። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ፍትሐዊ ክፍፍል ከየት ይገኛል?

እስቲ ትንሽ ላወድሳት። በከተማችን እንደ እሷ የሚለፋ የለም። ጠዋት ወለል ላይ የፈሰሰ ሻይ ታነሳለች። ከዚያ ጠረጴዛ። ከዚያ ብርጭቆ፣ ከውስጥም ከውጭም። ጥሬ ሥጋ የቆረጠውን ቢላ ጠረግ ታደርግና ቢላው ወደ ሰላጣው ቲማቲም ያልፋል። (ሰላጣው ራሱ የቆሸሸውን የቦርከና ወንዝ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ከሆነማ የቤት ልጅ ነው።) ዝንብ ሲመጣ ወታደር ናት። ድስት ሲወርድ መያዣ ናት። የባለቤቱ ልጅ ንፍጥም አያስጠይፋትም። ሥራ ሲቀዘቅዝ አስተናጋጁ ትከሻ ላይ ትወጣለች፤ ሹመት ነው። እዚያ እርጥብ ናት፣ ለብም ትላለች። እንዲህ ያለ ምቾት ያገኘ ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ወሎ መቼ እንግዳ ገፍቶ ያውቃል! ማታ ሰሃን በሚታጠብበት ባልዲ ገላዋን ትታጠባለች። ጡረታ የላትም። ስትቀደድ ሁለት ትሆናለች። ዘር ተተካ ማለት ነው።

«ኧረ በሌላ ጥረግልኝ» አልኩት።

«አብሽር ጋሼ፣ ንጹሕ ናት!»

አብሽር ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? በላሁ።

የሌሊቱን ነገር ልዝለለው። በማግስቱ ክሊኒክ ሄድኩ። «ታይፎይድና ታይፈስ» ተባልኩ። ሁሌ ጥንድ ናቸው፣ እንደ ሙሽራና ሚዜ። ታይፎይድ ምልክቱን ለማሳየት ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። የኔው በአንድ ሌሊት ደረሰ። ጎረቤቴ ደግሞ ምርመራ የሚባል ወጪም አያውቅም። ያለ ማዘዣ ሲፕሮ የሚባለውን የባክቴሪያ መድኃኒት ይገዛል፣ ሦስት ፍሬ ውጦ ሻል ሲለው የተረፈውን ለሚስቱ ያስቀምጣል። ቆጣቢ ሰው! የተረፉት ጀርሞችም መድኃኒቱን ተለማምደው፣ ጠንክረው ይወጣሉ።

አሁን ቀልዱ ይቅር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት፣ በተበከለ ምግብ በዓመት 600 ሚሊዮን ሰው ይታመማል፤ 420,000 ይሞታል። ከሟቾቹ 125,000 ያህሉ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ሁለት ቀን ተንከባልዬ ተነሳሁ። የሁለት ዓመት ልጅ ግን የሰውነቱ ውሃ ካለቀ አይነሳም። ለቴሌቪዥንና ለመብራት ጌጥ ብር ሞልቶት ለአንድ ሳሙና የሚሰስት ሰው እንዴት «አብሽር» ይለኛል? ምን አፍ አለው?

ትናንት በዚያው በር ሳልፍ አስተናጋጁ አየኝ። «ጋሼ፣ ጠፉ እኮ! ከስተዋል ደግሞ» አለና እጄን ይዞ አስገባኝ። ቡና በነፃ ጋበዘኝ። ለክብሬ ብሎ ደግሞ ሲኒውን፣ ከትከሻው ሳብ አድርጎ፣ ወልወል አደረገልኝ።