ማዕረግ ነው እንጂ ሹመት አይደለም

ቅዳሜ ጠዋት ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ሥር ያለችው ጀበና ቡና ጋ ተቀምጠናል። ከብሎካችን ሁለት ፖሊሶች የማዕረግ እድገት አግኝተዋል። አንዱ ምክትል ኢንስፔክተር ሆነ፣ አንዷ ሳጅን ሆነች። ዕድራችን እሁድ ዳቦ ሊቆርስላቸው ተስማምቷል። ንግግሩን ጻፍ የተባልኩት እኔ ነኝ። ረቂቄን አውጥቼ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

"የተከበራችሁ አዲስ ተሿሚዎቻችን..."

ጡረታ የወጡት ወታደር ጎረቤታችን ሲኒያቸውን ቁጭ አደረጉ። ሰፈሩ በሙሉ "ባሻ" ነው የሚላቸው፤ የለቀቁት በሻለቃ ባሻነት ነው።

"ማን ሾማቸው?" አሉኝ። "ሹመት ወንበር ነው። ዛሬ ትቀመጣለህ፣ ነገ ትነሳለህ። ማዕረግ ትከሻህ ላይ ነው። ምድብህ ቢቀየር አብሮህ ይሄዳል።"

አማርኛ የሚያስተምረው ጎረቤታችን አልተዋጠለትም። "ባሻ፣ አባቶች ሲመርቁ 'ሹመት ያዳብር' ይሉ የለም እንዴ?"

"'ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል' ያሉትስ እነማን ናቸው? ፖሊስ አቁመህ ይሄን ተረት ለሰው ልታስታውስ ነው?"

መምህሩ ዝም አለ። እኔም እስክሪብቶዬን አውጥቼ ሰረዝኩት። ማዕረግ የሚገኘው በቆይታ፣ በሥራ አፈጻጸምና በሥልጠና ነው። ሹመት ስንለው ያንን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን የተጣለላቸው ስጦታ እናስመስለዋለን።

ቀጠልኩ። "ኢንስፔክተር..." ብዬ ስሙን ከመጥራቴ ባሻ እንደገና አስቆሙኝ።

"ምክትሏን የት ጣልካት?"

"ለአክብሮት ብዬ ነው።"

"አክብሮት አይደለም። ረዳት ኢንስፔክተር አለ፣ ምክትል አለ፣ ኢንስፔክተር አለ፣ ዋና አለ። እያንዳንዷ የዓመታት ላብ ናት። አለቆቹ እዚያ ተቀምጠው ያልደረሰበትን ብትጠራው የሚያፍረው እሱ ነው።"

ስም አጠራሩም ከላይ ወደ ታች በማዕረግ ቅደም ተከተል መሆን አለበት አሉ። መምህሩ ሴቷ ትቅደም ብሎ ትንሽ ተከራከረ። አልሰሙትም።

ይልቅ ሌላ ነገር አነሱ። "የኛን የጦሩን ስሞች ልብ ብላችሁ ሰምታችኋል? አስር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ። ሻለቃ እንኳ ሺ አለቃ ማለት ነው። ማዕረግ ስትለብስ የሚጨመርብህ ሰው ነው። የስንት ሰው ነፍስ ትጠየቅበታለህ፣ እሱን ነው ስሙ የሚነግርህ።"

መምህሩ ፊቱ በራ። "የድሮዎቹም እንደዚያው ናቸው። ፊታውራሪ ፊት ፊት የሚመራው፣ ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ። ስሙ ራሱ ቦታህን ይነግርሃል።" በዚያ ጠዋት ሁለቱ የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

ከዚያ ዋናው ጭቅጭቅ መጣ። ምን ብለን ነው የምናመሰግናቸው? መምህሩ ግጥም ይግባበት አለ። ጀግና፣ አንበሳ፣ የማይደፈር። በዚያ ላይ ክረምት ላይ የሰፈሩን የመብራት ገመድ ሲቆርጡ የተያዙትን ልጆች ነገር እንዳትረሳ አለኝ።

"ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው ያለው" አሉ ባሻ። "በድግስ አይወራም። የፖሊስ ሥራ አደባባይ የሚዘረገፍ አይደለም።"

"ታዲያ ሥራቸውን ካልነካን ምን ቀረን? እንኳን ደስ አላችሁ ብለን ልንቀመጥ ነው?"

ቡና የምታፈላልን ሴት እስከዚህ ድረስ ጀበናዋን ስታይ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፣ ከሳጅኗ ፊት ለፊት።

"የሌሊት ተረኛ ስትሆን የምትገባው ሊነጋ ሲል ነው" አለች። "ቡቲዋን ታች ደረጃው ላይ ታወልቅና በእጇ ይዛ በካልሲ ትወጣለች። ሕፃናት እንዳይነቁ ብላ። እኔ ለቡና ውሃ ልቀዳ ስወጣ ነው ያየኋት። አንድ ቀን ደረጃው ዝናብ ገብቶበት እርጥብ ነበር፣ ያን ቀንም በካልሲ ነው የወጣችው። ባሻ፣ ይሄም አይወራም?"

ባሻ ትንሽ ቆዩ። "ይሄ ይወራል" አሉ።

እኔ በቃላቱ ከባሻ ጋር ነኝ። ማዕረግ እንጂ ሹመት አልልም፣ ምክትሏንም አልውጥም። ስለ ፍርድ ቤቱ ጉዳይም እውነታቸውን ነው፤ ያልተፈረደበትን ልጅ በዳቦ ቆረሳ ላይ ሌባ ብሎ መጥራት የኛም የፖሊሶቹም ሥራ አይደለም። የመምህሩን ግጥም ግን አላስገባም። አንበሳ የሚለው ቃል ለማንም ይሆናል፤ ቃሊቲም ብታነበው፣ ሆለታም ብታነበው ያው ነው። ያ እርጥብ ደረጃ ግን የኛ ብሎክ ብቻ ነው ያለው። ጎረቤት አመስጋኝ ሆኖ ሲቆም ከአለቃ የተለየ የሚናገረው ነገር ካለ፣ አለቃ የማያየውን እሱ ስላየ ነው። ንግግሩ ከቡና አፍይዋ ቃል ይጀምራል። የባሻ የቁጥር ነገርም ይከተላል፦ ከእሁድ ጀምሮ የሚጠየቁበት ሰው እንደጨመረ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ።

አንድ ገጽ ነው፣ አይበልጥም። ስለ ምክትል ኢንስፔክተሩ የሚገባው ቦታ ገና ባዶ ነው። እሱን የሚያውቁት አንደኛ ፎቅ ያሉት እናት ናቸው። ዛሬ ማታ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ።