የኩዊንስ ክለብ ዝርዝርና የጎደሉት 52 ዓመታት

ስለ ለንደኑ ኩዊንስ ክለብ የሣር ሜዳ ቴኒስ ውድድር የሚጽፍ ሁሉ መነሻው አንድ ነው፦ አንዲ መሪ፣ አምስት ዋንጫ። ቀጥሎ ጆን ማኬንሮ፣ ቦሪስ ቤከር፣ ሌይተን ሂዊትና አንዲ ሮዲክ አራት አራት ዋንጫ ይዘው ይሰለፋሉ። ከተጻፈው ውስጥ ሐሰት የለም። ችግሩ ያልተጻፈው ላይ ነው። በአሸናፊዎቹ ዝርዝር የወንዶቹ ዓምድ ሲረዝም፣ የሴቶቹ ዓምድ 1973 ላይ ይቆምና እስከ 2025 ባዶውን ይቆያል (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ይህን ባዶ ቦታ እንደ ተራ የታሪክ ገጠመኝ አልፎ መሄድ የተለመደ ሆኗል። እኔ ግን ዛሬም ሒሳቡ ያልተዘጋ ዕዳ ነው እላለሁ።

ውድድሩ ዕድሜ ጠገብ ነው። የለንደን የሣር ሜዳ ሻምፒዮና ተብሎ በ1884 ተጀመረ፤ ምዕራብ ኬንሲንግተን ወደሚገኘውና በንግሥት ቪክቶሪያ ወደተሰየመው ክለብ የገባው በ1890 ነው። 1884 የለንደኑ ታላቅ የሣር ሜዳ ውድድር ዊምብልደን ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶችን በነጠላ ያወዳደረበት ዓመት ስለሆነ፣ ሁለቱ ውድድሮች በዚህ ረገድ እኩያ ናቸው። ኩዊንስም ከጥንስሱ የሁለቱም ጾታዎች መድረክ ነበር።

በ1973 የሶቪየት ኅብረቷ ኦልጋ ሞሮዞቫ አውስትራሊያዊቷን ኢቮን ጉላጎንግን በፍጻሜው አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ከዚያ ውድድሩ ለጥቂት ዓመታት ተቋረጠ። በ1977 ሲመለስ ወንዶቹን ብቻ ይዞ መጣ። የሚያስገርመው ደግሞ ቢሊ ጂን ኪንግና ባልደረቦቿ የሴቶች ቴኒስ ማኅበርን በአንድ የለንደን ሆቴል ተሰብስበው የመሠረቱት በዚያው በሰኔ 1973 መሆኑ ነው። ሴቶቹ ማኅበራቸውን ባቋቋሙበት ወር፣ በዚያችው ከተማ፣ አንዱ አንጋፋ መድረክ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሊዘጋባቸው ነበር።

ወንዶቹ በበኩላቸው መድረኩን በሚገባ ተጠቀሙበት። በ1985 የ17 ዓመቱ ቤከር በፍጻሜው ጆሃን ክሪክን ሲያሸንፍ፣ ተሸናፊው ራሱ ይህ ልጅ እንዲህ ከተጫወተ ዊምብልደንን ይወስዳል ብሎ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቤከር በታላላቆቹ ተርታ ሳይመደብ የዊምብልደን ሻምፒዮን ሆነ። ኩዊንስ የዊምብልደን ጠቋሚ ነው የሚለው ዝና በአብዛኛው የዚያ ሰኔ ውጤት ነው። አሳፋሪ ቀንም አለው፤ በ2012 ፍጻሜ ዳቪድ ናልባንዲያን በንዴት የማስታወቂያ ሰሌዳ ረግጦ የመስመር ዳኛውን ቅልጥም አደማ፤ ከጨዋታ ተባረረ፤ ዋንጫው በዚያው ለማሪን ቺሊች ሆነ። በ2019 ደግሞ ፌሊሲያኖ ሎፔዝ ነጠላውን አሸንፎ፣ ከዳሌ ቀዶ ሕክምና ከተመለሰው አንዲ መሪ ጋር ጥንዱንም ደገመ።

እነዚህን ታሪኮች የቴኒስ ወዳጅ በቃሉ ይወጣቸዋል። የሚያውቃቸውም በየሰኔው ስላያቸው ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሴቶች በዚያ ሜዳ ላይ ምን ይሠሩ እንደነበር ማንም አላየም፤ አልተፈቀደላቸውምና።

በ2025 በሩ ሲከፈት ማን ገባች? ጀርመናዊቷ ታትያና ማሪያ። ዕድሜዋ 37፣ የሁለት ልጆች እናት፣ በዓለም ደረጃ 86ኛ፣ ወደ ለንደን የመጣችው ዘጠኝ ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፋ፣ ያውም በማጣሪያ በኩል። አጨዋወቷ ዛሬ ከሚወደሰው የጉልበት ቴኒስ ጋር አይተዋወቅም። ኳሱን ከሥሩ ትቆርጠዋለች፤ በፎርሃንድም (በመዳፍ በኩል) በባክሃንድም (በእጅ ጀርባ በኩል)። በአስፋልት ሜዳ ተነጥሮ እስከ ወገብ የሚደርሰው ኳስ፣ የእሷ ሲሆንና ሣር ላይ ሲያርፍ ተንሸራቶ ከቁርጭምጭሚት ብዙም አይነሣም። ረጅሟ ኤሌና ራይባኪና፣ የዚያው ዓመት የአውስትራሊያ ኦፕን ሻምፒዮን ማዲሰን ኪይስ፣ በፍጻሜውም አማንዳ አኒሲሞቫ እየጎነበሱ ሲለቅሙ ዋሉ። ውጤቱ 6 ለ 3፣ 6 ለ 4። አኒሲሞቫ ደካማ ተጋጣሚ አልነበረችም፤ በሚቀጥለው ወር የዊምብልደን ፍጻሜ ደርሳለች።

ጨዋታው የተካሄደበት ዋና ሜዳ በዚያው ዓመት በአንዲ መሪ ስም ተሰይሟል። መሪ በ2017 አንድ ጋዜጠኛ ስለ አሜሪካዊው ሳም ኬሪ አንሥቶ፣ ከእሱ በፊት ለረጅም ጊዜ ከታላላቅ ውድድሮች ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ አሜሪካዊ ተጫዋች አልነበረም ሲል፣ “ወንድ ተጫዋች” ብሎ በቦታው ያረመ ሰው ነው፤ ሴቶቹ ደርሰው ነበርና። ስያሜው ተገቢ ሰው አግኝቷል።

ከዋንጫው በኋላ ግን ቼኩ መጣ። ማሪያ የተቀበለችው ሽልማት፣ በሳምንቱ የወንዶቹን ዋንጫ የወሰደው ካርሎስ አልካራዝ ካገኘው ግማሽ እንኳ አይሞላም። የብሪታኒያ ቴኒስ ማኅበር ክፍያውን ቢዘገይ በ2029 እኩል አደርጋለሁ ብሏል። ዊምብልደን ይህን የጨረሰው በ2007 ነው።

የልዩነቱ ጠበቆች ገበያው ነው ይላሉ፤ ስፖንሰሩም ቴሌቪዥኑም ለወንዶቹ ይበልጥ ይከፍላል። እውነት ነው፣ ይከፍላል። ነገር ግን ያ ገበያ ከሰማይ አልወረደም። አንዱ ወገን 50 ዓመት እየታየ፣ ስፖንሰር እየለመደውና ጀግና እያፈራ፣ ሌላው በር ላይ ቆሞ የተሠራ ገበያ ነው። ሰውን ከገበያ አግደህ ስታበቃ ደንበኛ የለህም ብሎ ዋጋውን መቀነስ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

ሌላም ክርክር ነበር። የወንዶቹ ተጫዋቾች ማኅበር፣ ሴቶቹ ቀድመው ሲጫወቱበት ሣሩ ይጎዳብናል የሚል ሥጋት አንሥቶ ነበር። ሣር እንደሚያልቅ አይካድም፤ በተለይ የኋላ መስመሩ አካባቢ በሳምንት ውስጥ አፈር ይሆናል። ግን ዊምብልደን ላይ ሁለቱም ጾታዎች በአንድ ሜዳ ለሁለት ሳምንት ይፈራረቃሉ፤ ወንዶቹም በዚያ ምክንያት ቀርተው አያውቁም። ሥጋቱን ሜዳ ጠባቂዎች ይፍቱት፤ የሴቶቹን ቦታ መልሶ መደራደሪያ ሊሆን አይገባም።

2029ን ለመጠበቅ የሚያስገድድ ነገር አይታየኝም። የብሪታኒያ ቴኒስ ማኅበር ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ማግኘት ቢከብደው እንኳ የሻምፒዮኖቹን ክፍያ ብቻ በሚቀጥለው ሰኔ ማስተካከል ይችላል፤ ልዩነቱ የሁለት ሰዎች ቼክ ነው። የቀሩት ዙሮች እስከ ቀነ ገደቡ ይከተሉ።