ስልኩን ወደ ጆሮ

ወገኖቼ፣ ባለፈው ነሐሴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለችው ኦሽን ሲቲ፣ የባሕር ዳርቻው ላይ ያደረግነውን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ፍልሰታ የተፈታ ሰሞን ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ የተነሳ ሦስት ቫን ሙሉ ሰው፣ ዶሮ ወጡን በኩለር (በማቀዝቀዣ ሣጥን) ጭኖ፣ ቤይ ብሪጅ የሚባለው ድልድይ ላይ በመኪና ሰልፍ ተጠብሶ አሸዋው ላይ ሲደርስ 12 ሰዓት እየተጠጋ ነበር። የከተማዋ ላይፍጋርዶች፣ ዋናተኛ የሚጠብቁት ነፍስ አድኖች፣ የሚቆሙት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ወንበራቸው ባዶ ነበር። ባዶ መሆኑን እያየን ልጆቹን ለቀቅናቸው።

የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ የገባችው ማዕበሉ በማይሰበርበት፣ ጸጥ ባለው በኩል ነው። እናቷ «እዚህ ጋ ይሻላል» ብላ መረጠችላት። ማን ነግሯት! ያ ጸጥታ እኮ ወደ ዳር የተገፋው ውሃ ተሰብስቦ የሚመለስበት ቦይ ነው፤ ሪፕ ከረንት ይሉታል። ጠቆር ብሎ ወይም አሸዋ አደፍርሶት ይታያል። ወደ ታች አይስብም፣ ወደ ውስጥ ይወስዳል፤ ሲበረታ በሴኮንድ 2.5 ሜትር ይሄዳል፣ የኦሊምፒክ ዋናተኛ እንኳ አይረታውም። ልጅቷ ፊቷን ወደ እናቷ አዙራ ታገለችው። ጉልበት የሚጨርሰው እሱ ነው። መንሳፈፍ፣ እጅ አውጥቶ ማሳየት፣ ከዚያ ዳሩን ይዞ ወደ ጎን መዋኘት፣ ከቦዩ ሲወጡ ማዕበሉ ወደሚሰበርበት በሰያፍ መመለስ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ይህን አንድም ሰው ለልጆቹ አልነገረም።

እናቷ ስትጮህ ስልኮች ወጡ። ለመቅረጽ! ሁሉም ሌላው የደወለ መስሎት ወደ 911፣ ወደ አደጋ ጊዜ ስልኩ፣ የደወለ አልነበረም። ኩለሩን ገልብጦ፣ ክዳኑን ዘግቶ መወርወር ይቻል ነበር፤ ባዶ ኩለር ይንሳፈፋል፣ ልጅ ይይዘዋል። ወጡ ግን አልተነካም። ያወጣት በሰሌዳ ማዕበል ሲጋልብ የነበረ የማናውቀው ጎረምሳ ነው። ሳል እያፈናት አሸዋው ላይ ሲያስተኛት «ስንተኛው ጎዳና ላይ ነን?» አለን። የዚያች ከተማ ጎዳናዎች በቁጥር ነው የሚጠሩት፤ አምቡላንስ የሚመጣው በዚያ ቁጥር ነው። የሚመልስለት ጠፋ።

አምቡላንሱ ሳይደርስ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጣ። አዲስ አበባ ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፎ ነበር። አያቷን ከእንቅልፍ ቀስቅሰው «የልጅ ልጅሽ ሰመጠች» አሏቸው። ልጅቷ በሕይወት ነበረች፤ አያቷ ግን እስኪነጋ ሲያለቅሱ አደሩ።

ጨካኝ ሕዝብ ነን ብዬ አይደለም። ለቅሶ ቤት ከሁሉ ቀድመን የምንደርሰው እኛው ነን። ታዲያ ሰው በነፍስ እያለ እጃችን ለምን ይተሳሰራል? ይኼ ያሳፍረኛል፤ እንቅልፍም ይነሳኛል።

ዘንድሮም ነሐሴ ሲመጣ ድልድዩን መሻገራችን አይቀርም። ጠዋት እንነሳ፣ ላይፍጋርዱ ካለበት ወንበር ፊት ለፊት እንቀመጥ፣ የጎዳናውን ቁጥር ለልጆቹ እናስጠናቸው። ብዙ አልጠብቅም። ጩኸት የተሰማ እንደሆነ ግን፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል አንዱ እንኳ ስልኩን ወደ ጆሮው ቢያደርገው።