«ሁሉንም ስጡና አምጡት» የምትሉ ሰዎች አንጀቴን አሳረራችሁት

በየዓመቱ ያው ነው። የኤንቢኤ (የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ) የትሬድ፣ ማለትም የተጫዋች ልውውጥ፣ ቀነ ገደብ ሲቃረብ ስልኬን መክፈት ያስጠላኛል። አንድ ኮከብ ክለቡን አኮረፈ የሚል ወሬ ይወጣል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሁሉም ሰው ጀነራል ማናጀር፣ ቡድን የሚገነባ ኃላፊ፣ ነው። «ሁሉንም ስጡና አምጡት!» «ወጣቶቹን ስጡ፣ ፒኮቹን ስጡ፣ ምን ያደርጉላችኋል?» (ፒክ ማለት በየዓመቱ በሚደረገው ድራፍት አዲስ ልጅ የመምረጥ ተራ ነው።) አንዱ ደግሞ ደሞዝ ከደሞዝ አመጣጥኖ፣ አራት ተጫዋችና አምስት የመጀመሪያ ዙር ፒክ ደርድሮ «ይኸው፣ አለቀ» ብሎ ይለጥፋል። ሂሳቡ ገጥሞለታላ! ማን ይከላከላል? ማን ሪባውንድ (ከቀለበቱ የተመለሰ ኳስ) ያወርዳል? ኮከቡ ሲያርፍ ማን ይገባል? ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

እኔን ያንገበግበኛል። መጨረሻውን አይተነዋል እኮ! አንዴ አይደለም፣ ደጋግመን አይተነዋል።

ብሩክሊንን ተመልከቱ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) በ2013 የብሩክሊኑ ቡድን ኔትስ ኬቨን ጋርኔትንና ፖል ፒርስን ከቦስተን አመጣ። ጋርኔት 37 ዓመቱ ነበር፣ ፒርስ 35። ታላላቅ ተጫዋቾች ናቸው፣ ማንም አይክድም። ግን ምርጥ ዘመናቸውን ቦስተን ጨርሰው ነው የመጡት። ለእነሱ ሲባል የ2014፣ የ2016 እና የ2018 የመጀመሪያ ዙር ፒኮች ተሰጡ። ይህ አልበቃ ብሎ ቦስተን በ2017 ከፈለገ የራሱን ፒክ ሰጥቶ የኔትስን የመውሰድ፣ ማለትም የመቀያየር መብት አገኘ። የተገኘውስ ምንድነው? በመጀመሪያው ዓመት 44 ጨዋታ አሸነፉ፣ በፕሌይኦፉ (ዋንጫው በሚለይበት ጥሎ ማለፍ) ቶሮንቶን በስንት መከራ በሰባት ጨዋታ አለፉ፣ ከዚያ ማያሚ 4 ለ 1 አሰናበታቸው። በቃ፣ ይኸው ነው። ፒርስ በዓመቱ ወደ ዋሽንግተን ሄደ። ጋርኔት በ2015 ወደ ሚኒሶታ ተመለሰ።

ሰዎቹ ሄዱ፣ ዕዳው ቀረ። የ2016-17 የውድድር ዘመን ሲመጣ ኔትስ 20 አሸንፎ 62 ተሸነፈ። የሊጉ መጨረሻ። ቡድን ሲወድቅ ደጋፊን የምታጽናናው አንዲት ነገር አለች። «ግድ የለም፣ ሰኔ ላይ ጥሩ ልጅ እንመርጣለን» ይላል። በ30 ነጥብ ተሸንፎም ያቺን ተስፋ ይዞ ይተኛል። የብሩክሊን ደጋፊ ያቺም አልነበረችውም። የደካማ ቡድኖችን የመምረጥ ተራ የሚወስነው የሎተሪው ዕጣ ወጣ፣ የኔትስ ፒክ አንደኛ ሆነ፤ ቦስተን ወሰደው። በምትኩ ለኔትስ የደረሰው 27ኛው ነው። 62 ጊዜ የተሸነፍከው አንተ፣ አንደኛ የሚመርጠው በዚያው ዓመት በምሥራቁ ምድብ ቀዳሚ ሆኖ የጨረሰው ቡድን! ይሄን የሚችል አንጀት ያለው ሰው ካለ ያሳየኝ።

ቦስተን አንደኛውን ለፊላደልፊያ ሰጥቶ በሦስተኛው ጄይሰን ቴተምን መረጠ፤ በላዩ ላይም ሌላ ፒክ ጨመረበት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ በዚያው በኔትስ ፒክ ጄይለን ብራውንን መርጦ ነበር። በ2024 ቦስተን ዋንጫውን ሲያነሳ ከፊት የቆሙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋችም ብራውን ሆነ።

ስምምነቱ ሲፈረም የኔትስ ጀነራል ማናጀር ቢሊ ኪንግ ነበር። በ2016 መጀመሪያ ላይ ከቦታው ተነሳ። የ2016ቱ፣ የ2017ቱና የ2018ቱ ፒኮች የሄዱት እሱ ከተነሳ በኋላ ነው። የወሰነው ሌላ፣ የከፈለው ሌላ። እሱን ለብቻው መውቀሴ አይደለም፤ አሠራሩ ራሱ ወደዚያ ይገፋል። ማናጀሩ ዘንድሮ ካላሸነፈ ይባረራል። ከሰባት ዓመት በኋላ ያለውን ፒክ ቢሰጥ ምን ይነካዋል? በዚያ ፒክ የሚመረጠው ልጅ ዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ማናጀሩ ስሙንም አያውቀውም። ደጋፊው ግን ከሰባት ዓመት በኋላም እዚያው ነው። ደጋፊ አይባረር፣ ደጋፊ ኮንትራቱ አያልቅ።

ሊጉም ይሄን አውቆ ነው ሕግ ያወጣው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የክሊቭላንድ ባለቤት የነበረው ቴድ ስቴፒየን ፒኮቹን በትኖ ቡድኑን ባዶ ሲያስቀር፣ ማንም ቡድን በሚመጡት ዓመታት ለሁለት ተከታታይ ዓመት ያለ መጀመሪያ ዙር ፒክ መቅረት የለበትም ተባለ። ሕጉ እስከ ዛሬ በሰውየው ስም ይጠራል። አሁን ምን ያደርጋሉ? አንዱን ዓመት ይሰጣሉ፣ ቀጣዩን ዓመት የመቀያየር መብት ብለው ያስይዛሉ፣ ከዚያ ሌላውን ይሰጣሉ። በወረቀት ሕጉ ተከበረ፤ ቡድኑ ግን እንደዚያው ተራቆተ።

ፊኒክስ እንዲህ ነው ያደረገው። በ2023 ለኬቨን ዱራንት ሚካል ብሪጅስን፣ ካም ጆንሰንን፣ የ2023፣ የ2025፣ የ2027 እና የ2029 ፒኮችን ሰጠ፣ በ2028 ደግሞ የመቀያየር መብት ጨመረ። ብሪጅስ እኮ ጨዋታ ቀርቶ የማያውቅ ልጅ ነው! በዚያው ክረምት ብራድሊ ቢል ተጨመረ። ከነባሩ ዴቪን ቡከር ጋር ሦስት ትልልቅ ደሞዝ፣ የቀረው ቦታ በትንሹ ደሞዝ የሚሞላ። በ2024 በመጀመሪያው ዙር በሚኒሶታ 4 ለ 0፤ በ2025 ደግሞ 36 አሸንፎ 46 ተሸንፎ ከፕሌይኦፍ ውጭ። በዚያው በ2025 ዱራንትም ቢልም ሄዱ። በአዲሱ የሊጉ ስምምነት ደግሞ የደሞዝ ሁለተኛውን ጣሪያ ያለፈ ቡድን የተጫዋቾችን ደሞዝ ደምሮ አንድ ትልቅ ተጫዋች ማምጣት አይችልም። ተሳስቻለሁ ብትል እንኳ መውጫው ተዘግቷል።

አሁን ቶሮንቶን እንደምታመጡብኝ አውቃለሁ። ሁሌም ታመጡታላችሁ። «ካዋይ ሌናርድ በ2018 መጣ፣ በ2019 ዋንጫ ሆነ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ ቢቆይስ?» ደስ ይለኛል፣ እንነጋገር! ቶሮንቶ ምን ሰጠ? ዴማር ዴሮዛንን፣ ያኮብ ፐርትልንና አንድ ገደብ የተደረገበት (ተራው ከፍ ካለ ለቶሮንቶ የሚቀር) ፒክ። ዴሮዛን ለከተማው ልብ ነበር፣ መሄዱ አሟቸዋል፣ አይካድም። ግን ቤቱ አልተራቆተም። ካዋይን ብቻ ሳይሆን ዳኒ ግሪንንም ጨምረው አመጡ። ዋንጫው የተወሰደበትን የፍጻሜውን ስድስተኛ ጨዋታ መለስ ብላችሁ እዩ። ካይል ላውሪ 26 ነጥብ። ፓስካል ሲያካም 26። በድራፍቱ ማንም ያልመረጠው ፍሬድ ቫንቭሊት 22፣ ከዚያ ውስጥ 12ቱ በአራተኛው ሩብ። ካዋይም 22። ሲያካም በ2016 በ27ኛ ፒክ የተመረጠ ልጅ ነው። «27ኛ ፒክ ምን ያደርጋል፣ ስጡት» የምትሉት ዓይነት ማለት ነው። እሱ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ያ ዋንጫ ቶሮንቶ ይገባ ነበር?

እኔ ኮከብ አይምጣ አላልኩም። ይምጣ! የሚመጣበት ቤት ግን ይኑር ነው የምለው።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ የሚልዋኪ ነገር ነው። በ2020 ድሩ ሆሊዴይን አመጡ፤ ዋጋው ቀላል አልነበረም፣ ግን ኮከቦቻቸው ያኒስና ክሪስ ሚድልተን እዚያው ነበሩና ሠራ። የ2021 ፍጻሜ አምስተኛው ጨዋታ፣ የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች፣ ሚልዋኪ በአንድ ነጥብ ይመራል። የፊኒክሱ ዴቪን ቡከር ኳሱን ይዞ ሰንጥቆ ገባ። ሆሊዴይ ከእጁ ነጠቀው። ኳሱን ይዞ ጊዜ ከማቃጠል ወደ ፊት ሮጦ ወደ ላይ ወረወረው፣ ያኒስ አየር ላይ ተቀብሎ ደነከው። ዋንጫው የመጣው በዚያ መከላከል ነው። በ2023 ያንን ሰው ለዴሚየን ሊላርድ ሲሉ ሰጡት። የ2029 ፒክ ተጨመረ፣ በ2028 እና በ2030 የመቀያየር መብት ተጨመረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። የሊላርድ ቡድን የነበረው ፖርትላንድ ሆሊዴይን ሳምንት እንኳ ሳያቆይ ለቦስተን አሳለፈው። ቦስተን በዚያው የውድድር ዘመን ዋንጫ በላ።

ሊላርድን አልወቅስም። ታላቅ ተጫዋች ነው፣ የተጠራበት ሄደ። በ2024 ያኒስ ተጎድቶ ነበር፣ ያም ይታወቃል። ግን በ2024ም በ2025ም ኢንዲያና በመጀመሪያው ዙር አሰናበታቸው፣ በሁለተኛው ጊዜ ሊላርድ የእግሩ ጅማት ተበጠሰ። ከዚያ ሚልዋኪ አሰናበተውና የቀረውን ከ110 ሚሊዮን ዶላር በላይ ክፍያ ለአምስት ዓመት ከፋፈለው። ሊላርድ ወደ ፖርትላንድ ተመልሶ ፈረመ። ፒኮቹ አልተመለሱም፣ ሆሊዴይም አልተመለሰም። የማይጫወትላቸው ሰው ደሞዝ ግን እስከ 2029-30 ድረስ በየዓመቱ ሚልዋኪ ላይ ይቆጠራል።