መለያው ስለ ሳንቲሙ ይናገር፣ ቆጠራውም ሳንቲም ይቁጠር

ባለፈው ወር ሜሪላንድ ውስጥ በተካሄደ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ትርኢት ላይ ሳንቲም መርምሮ ደረጃ እየሰጠ ከመለያ ወረቀት ጋር በፕላስቲክ የሚያሽግ የአንድ ድርጅት ተወካይ መድረክ ይዘው ሁለት ነገር አስረግጠው ተናገሩ። በመለያ ወረቀቱ ላይ «ደብልድ ዳይ» (ጥንድ ምስል ከተቀረጸበት መምቻ ብረት፣ ማለትም ዳይ፣ የወጣ ሳንቲም) ተብሎ ከተጻፈ ለገዢው በቂ ነው፣ የትኛው ዳይ እንደሆነ ለመጨመር ቦታ የለም አሉ። የአንድ ሳንቲም ብርቅነት ትክክለኛ መለኪያም የድርጅታቸው የቆጠራ ሪፖርት፣ ማለትም መርምረው ያሸጉትን ሳንቲም ብዛት የሚዘረዝረው መዝገብ፣ እንደሆነ ነገሩን። ተናጋሪውንም ሆነ ድርጅቱን በስም ማንሳት አያስፈልገኝም። አባባሉ የአንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ቦታ የለም? ያው ወረቀት ባር ኮድ ይሸከማል፤ የሚያብረቀርቅ ማኅተም ይሸከማል፤ የቀድሞው ባለቤት ስብስብ ስም ይሰፍርበታል፤ ሳንቲሙ ገና እንደወጣ የተላከ መሆኑን የሚያበስር ማስታወቂያ ይታተምበታል፤ አንዳንዴም የታዋቂ ሰው የእጅ ፊርማ ያርፍበታል። ለፊርማ የሰፋ ወረቀት ለሦስት አኃዝ የዳይ ቁጥር ሲሆን የሚጠብበት ምክንያት ምንድን ነው? ዋጋ የሚጨምርላቸውን ሁሉ ይጽፋሉ፤ ገዢው ሊያውቀው የሚገባውን ይተዋሉ።

ደብልድ ዳይ የአንድ ብረት ታሪክ ነው። ሳንቲሙን የሚመታው ዳይ ምስሉን የሚቀበለው ሃብ ከሚባል ሌላ ብረት ነው። በቀድሞው የአሜሪካ አሠራር ሃቡ ዳዩን ይጫነዋል፣ ዳዩ በሙቀት እንዲለሰልስ ይደረጋል፣ ከዚያ እንደገና ይጫነዋል። በሁለተኛው ጊዜ ጥቂት ዞር ካለ በዳዩ ላይ ጥንድ ምስል ይቀረጻል፤ ያ ዳይ አርጅቶ እስኪጣል ድረስ የመታው ሳንቲም ሁሉ ያንኑ ጥንድ ምስል ይዞ ይወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ደብልድ ዳይ የራሱ መልክና የራሱ ጭረቶች አሉት። ሰብሳቢዎች ለአሥርት ዓመታት በአጉሊ መነጽር እያዩ፣ ፎቶ እያነሱና ቁጥር እየሰጡ ለይተውታል። ሥራው ተሠርቶ አልቋል። የቀረው መለያው ላይ መጻፍ ብቻ ነው።

የ1972ን ፔኒ፣ ማለትም የአሜሪካን አንድ ሴንት፣ ውሰዱ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ የገነነውና በመቶዎች ዶላር የሚሸጠው አንድ ዳይ ነው፤ ቀኑና ጽሑፉ ያለ መነጽር ጥንድ ሆኖ ይታያል። በዚያው ዓመት ግን ሌሎች ደካማ ደብልድ ዳዮችም አሉ፤ ዋጋቸውም ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። እኔ ከዓመታት በፊት በመለያው ላይ «1972 ደብልድ ዳይ» ብቻ የተጻፈበትን በዝነኛው ዋጋ ገዝቼ ቤቴ ስመረምረው ከደካሞቹ አንዱ ሆኖ አገኘሁት። መለያው አልዋሸም፤ ያታለለኝ ሳይጻፍ በቀረው ነው። የ2009ኙማ የባሰ ነው፤ ወጣቱ ሊንከን ግንድ ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ በሚያነብበት የጀርባ ገጽ ላይ ተጨማሪ ጣት የሚያሳዩ ዳዮች በደርዘን ይቆጠራሉ። ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት የአንድ መንደር ሰው ሁሉ አንድ መታወቂያ ይያዝ እንደማለት ነው።

ወደ ቆጠራው ልምጣ፤ እውነተኛ ቁጣዬ እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻዎቹ የመገበያያ ፔኒዎች በኅዳር 2025 ፊላደልፊያ ውስጥ ከተመቱ ወዲህ በየቤቱ የተቀመጠ የፔኒ ማሰሮ ሁሉ እየተገለበጠ ነው። ቨርጂኒያ የሚኖር ታክሲ ነጂ ወዳጄም ማሰሮውን ገልብጦ አንድ ደካማ ደብልድ ዳይ አገኘ፤ በቆጠራው ሪፖርት ላይ እጅግ ጥቂት ብቻ መመዝገቡን አይቶ ሀብት ያገኘ መሰለው። ጥቂት የተመዘገበው ግን ጥቂት ስላለ አይደለም። እንዲህ ያለው ጥቃቅን ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚመረመረው ላኪው ተጨማሪ ሲከፍል ነው፤ ካልከፈለ ሳንቲሙ እንደ ተራ ሳንቲም ታሽጎ በተራዎቹ መዝገብ ይገባል። አምስት ዶላር ለሚያወጣ ሳንቲም ማን ይህን ሁሉ ይከፍላል? ማንም። እናም ቁጥሩ ዝቅ ይላል፣ ሻጩም «ብርቅ» ብሎ ይለጥፍበታል።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ቁጥሩ ያብጣል። ለሳንቲሙ 64 የሚል ደረጃ የተሰጠው ሰብሳቢ 65 ለማግኘት ፕላስቲኩን ሰብሮ ያንኑ ሳንቲም ደግሞ ይልካል፤ ካልተሳካለት ለሦስተኛ ጊዜ፤ ከዚያም ለተፎካካሪው ድርጅት። የድሮው መለያ ተመልሶ ካልተሰረዘ አንዱ ሳንቲም ሦስትና አራት ሆኖ ተመዝግቦ ይኖራል። አንድ ሰው በር በቀየረ ቁጥር አዲስ ነዋሪ ብሎ የሚመዘግብ የሕዝብ ቆጠራ ቢኖር ማን ያምነዋል? የ1955ቱ ዝነኛ ደብልድ ዳይ ፔኒ ከ20,000 እስከ 24,000 ያህል ለሕዝብ እንደደረሰ ይገመታል፤ ብዙው ከሲጋራ መሸጫ ማሽን ጋር ተያይዞ፣ ለ25 ሴንት መልስ ሆኖ በፓኬቱ ላስቲክ ውስጥ የወጣ ነው። ውድ ስለሆነ ደጋግሞ ይላካል፣ ደጋግሞም ይቆጠራል። የ1995ቱም ገና ሲገኝ በጋዜጣ ስለተጮኸለት እየጎረፈ ተላከ። ሪፖርቱ እንግዲህ የሚለካው የላኪዎችን ጉጉትና ኪስ ነው። ይህን «የብርቅነት መለኪያ» ብሎ ሕዝብ ፊት መናገር ሰብሳቢውን መናቅ ነው።

ሐሰተኛውን በመለየት ረገድ እንደሚጠቅሙ አልክድም። ደብልድ ዳይ ነው የተባለ የ1969 የሳን ፍራንሲስኮ ፔኒ የሚመረምር ባለሙያቸው የተመታበትን ከተማ የምታመለክተው «ኤስ» የምትለዋ ፊደል ጥንድ ከሆነች ወዲያው ይጥለዋል፤ ፊደሏ በዚያ ዘመን በዳዩ ላይ በእጅ የምትመታው ከሃቡ ሥራ በኋላ ስለነበር በእውነተኛው ላይ ጥንድ ልትሆን አትችልም። ይህን ያህል የሚያውቅ ዓይን አላቸው ማለት ነው። ታዲያ ይኸው ዓይን የዳዩን ቁጥር አይቶ እያለ መለያው ላይ ሳይሰፍር የሚቀረው በማን ትእዛዝ ነው?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። «ደብልድ ዳይ» የሚል መለያ ሁሉ የዳዩን ቁጥር ይያዝ፤ ሪፖርቱም በዳይ ይከፈል፤ በገጹ አናት ላይ «ይህ የተላኩ ሳንቲሞች ምዝገባ እንጂ ያሉት ሳንቲሞች ብዛት አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሁሉም በሚያየው ፊደል ይጻፍ። ወዳጄ ያን ዓረፍተ ነገር አንብቦ ቢሆን ኖሮ ለማሳሸጊያ የከፈለው ገንዘብ ኪሱ ውስጥ ይቀር ነበር።