ካራማራ ላይ ኩባ አልነበረም ለምትሉ
ወንድሜ እዚህ ጋ ላርምህ፣ "ካራማራ ላይ ኩባ ምናምን አልነበረም፣ አባቴ እዛው ስለነበረ እሱ ያየው ይበቃኛል" ያልከው ልክ አይደለም። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ፣ የካቲት 26፣ 1970 ካራማራ ተራራ አጠገብ ያለችው ጅጅጋ ከሶማሊያ ጦር እጅ ስትመለስ የኩባ ወታደሮች ከኛ ጋር ተዋግተዋል፣ በጠቅላላው ኦጋዴን የገቡት ደግሞ ከ10 ሺ በላይ ናቸው። አባትህ ዋሹ አላልኩም፣ እግረኛ የሚያየው የራሱን ጋንታ ነው በቃ። እኛ ሰፈር ባህርዳር የዛን ጊዜ ወታደር የነበሩ አንድ ጋሼ አሉ፣ ቡና ላይ ስኒ ይገለብጡና "ይሄ ተራራው ነው" ብለው ይጀምራሉ፣ ማንኪያው ታንክ ይሆናል፣ እኛ ልጆቹ አፋችንን ከፍተን ስንሰማ ጦርነት ማለት ረከቦት ላይ የሚያልቅ ነገር ይመስለን ነበር። አንዴ "ከተራራው ማዶስ?" ስላቸው "እኔ ምን አውቄ፣ ከፊቴ ካለው ድንጋይ ሌላ ምን አየሁ" አሉኝ (ይቺን ግን ማንም ሲደግማት አልሰማሁም)። የጓደኛቸው ነገር ላይ ሲደርሱማ ስኒውን ያቃኑና ዝም፣ ስለዚህ እኛ ጋ የሚደርሰው ሳቁና ጀብዱው ብቻ ነው። ስለራሳቸው ምሽግ አባትህን ጠይቅ፣ እሱ ላይ ማንም አይበልጣቸውም፣ ማን የት ተሰለፈ የሚለውን ግን ከሳቸው ብቻ አትውሰድ።